የመማሪያ ክፍል ጫጫታና የድምፅ ጥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለርዕሰ መምህራን፣ ለመምህራን፣ ለወላጅና መምህር ኅብረት አባላት እንዲሁም ትምህርት ቤት ለሚሠሩና ለሚያድሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የሚመለከቱት በአገራችን የተለመደውን ክፍል ነው፦ የብሎኬት ወይም የጭቃ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባለ ሦስት መቀመጫ ዴስክ፣ ከ40 እስከ 70 ተማሪ።

ጫጫታ ትምህርትን እንደሚጎዳ ተረጋግጧል ወይስ የመምህራን እሮሮ ነው?

ተረጋግጧል። በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የተሠራው ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው። አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። አርሊን ብሮንዛፍትና ዴኒስ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት በሐዲዱ በኩል የሚማሩትን ልጆች በዚያው ሕንፃ ጸጥ ባለው ጎን ከሚማሩት ጋር አነጻጸሩ። ሕንፃው አንድ፣ ሰፈሩ አንድ ነው፤ በንባብ ችሎታ ግን በሐዲዱ በኩል ያሉት ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ላይ ጎማ ገባ፤ የክፍሎቹም ኮርኒስ ድምፅ በሚመጥ ነገር ተሠራ። ብሮንዛፍት ውጤቱን እንደገና መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያሳውቁ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር።

ሙኒክ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ ሌላ ቦታ ሲከፈት ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ ያሉ ልጆችን ተከታተሉ። ጩኸቱ የለቀቃቸው ልጆች በንባብና በማስታወስ ተሻሻሉ፤ ጩኸቱ የመጣባቸው ደግሞ ዝቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው በለንደኑ ሂትሮው፣ በአምስተርዳሙ ስኪፖልና በማድሪዱ ባራሃስ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ የሚማሩ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ያጠናው ሥራም የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ ቁጥር አንብቦ መረዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው የኒው ዮርኩ ጥናት ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ቤቱ ሲስተካከል ልጆቹም ተስተካከሉ። ብዙ ጊዜ የተማሪ ጥፋት ወይም የመምህር ድክመት የምንለው ነገር የቤቱ ችግር ነው።

ከኋላ ያለው ተማሪ ድምፄን ይሰማል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

ድምፅ መስማትና ቃል መለየት ይለያያሉ። የንግግር ጉልበት ያለው በአናባቢዎቹ ላይ ነው፤ እነሱ ወፍራምና ረጅም ስለሆኑ ሩቅ ይደርሳሉ። ቃሉን ከሌላ ቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ቀጫጭን፣ አጫጭርና ደካማ ናቸው፤ በጫጫታ ቶሎ የሚዋጡትም እነሱ ናቸው። በአማርኛ «ጠራ»፣ «ሠራ» እና «ደራ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። ልጁ የሰማው «..ራ» ከሆነ ቀሪውን መገመት አለበት።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ይበላል» ሲላላ ልጁ እንጀራ ይበላል፤ ሲጠብቅ እንጀራው ይበላል። ዋናው ልዩነት «በ» ከመፈንዳቱ በፊት ባለችው አፍታ ርዝመት ነው። የሚያስተጋባ ክፍል ያቺን አፍታ ቀድሞ በተነገረው ድምፅ ቅሪት ይሞላታል።

አዋቂ ሰው የጎደለውን ከዐውዱ ይሞላል። ልጅ ግን የቃላት ክምችቱ ገና ስለሆነ አይችልም፤ ይህ ችሎታ የሚጎለብተው እስከ ጉርምስና ድረስ ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ቆሞ «እኔ ይሰማኛል» ማለቱ ስለ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚነግረን ነገር የለም።

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ የመምህሩ ድምፅ በተማሪው ጆሮ ላይ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) እንዲበልጥ ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ከመምህሩ 1 ሜትር ላይ 65 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በገላጣ ቦታ 2 ሜትር ላይ 59፣ 4 ሜትር ላይ 53፣ 8 ሜትር ላይ 47 ይሆናል። በክፍል ውስጥ ግድግዳዎቹ እየመለሱት ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የሚጨመረው ግን አብዛኛው የተድበሰበሰ ድምፅ ነው። የክፍሉ ጫጫታ 50 ከሆነ የመጨረሻው ረድፍ ከ15 ዴሲቤሉ አጠገብም አይደርስም።

የተፈቀደው የድምፅ መጠን ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ከውጭና ከመሣሪያ የሚመጣው ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የማስተጋባት ጊዜው (ድምፁ ከቆመ በኋላ ቅሪቱ የሚቆይበት ጊዜ) 0.6 ሴኮንድ ገደማ እንዲሆን፣ ለመጫወቻ ሜዳ ደግሞ 55 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። የአሜሪካው የክፍል ደረጃም ባዶ ለሆነና ይዘቱ ከ283 ሜትር ኩብ ለማይበልጥ ክፍል ያስቀመጠው ያንኑ 35 እና 0.6 ነው።

መስኮቱ ለአየር ተከፍቶ፣ ዋና መንገድ ዳር ላለ ትምህርት ቤት 35 ሕልም ነው። ከዚህ የተነሳ ሙከራውን መተው ግን አይገባም። ከ60 ወደ 50 መውረድ መምህሩ ሳይጮህ 10 ዴሲቤል እንደጨመረ ይቆጠራል።

ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት እንለካ?

በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ለንጽጽር ይበቃል። ትክክለኛ ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ በአንድ ስልክ የተለኩ ሁለት ክፍሎችን ወይም ከእድሳት በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ግን በደንብ ያሳያል። መቼቱን የሰው ጆሮን አሰማም በሚከተለው፣ «ኤ» በሚባለው ሚዛን ላይ ያድርጉ፤ የሚያነቡትም በቅጽበት የሚዘለውን ቁጥር ሳይሆን አማካዩን ይሁን። ክፍሉ ባዶ ሆኖ በትምህርት ሰዓት፣ ስልኩን በተቀመጠ ልጅ ጆሮ ከፍታ (1.2 ሜትር ገደማ)፣ ከግድግዳ 1 ሜትር አርቀው ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ 5 5 ደቂቃ ይለኩ። ስልኩን ከላስቲክ ሽፋኑ ያውጡት፤ ማይኩን የሸፈነ ሽፋን ቁጥሩን ያወርዳል።

ከቁጥር ይልቅ ግን የሚከተለው ፈተና የበለጠ ይናገራል። የሚጠይቀው ወረቀትና 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

1. ከፊደል ገበታ ተቀራራቢ የሆኑ 20 ፊደላትን ይምረጡ፦ ጣ፣ ታ፣ ዳ፣ ቃ፣ ካ፣ ጋ፣ ጻ፣ ሳ፣ ዛ፣ ጫ፣ ቻ፣ ጃ የመሳሰሉትን ያቀላቅሉ። ቃል አይሁኑ፤ ቃል ይገመታል።
2. መምህሩ በተለመደው ቦታና በተለመደው ድምፁ፣ አፉን በወረቀት ጋርዶ፣ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ያንብብ። በመካከል 4 ሴኮንድ ይቆይ።
3. ተማሪዎቹ የሰሙትን ይጻፉ፤ የተቀመጡበትን ረድፍም ያስፍሩ።
4. የፊትና የኋላ ረድፎች ቦታ ተለዋውጠው በሌላ ቅደም ተከተል ይደገም።
5. ውጤቱ በረድፍ ይደመር።

ቦታ ሲቀያየር ውጤቱም አብሮ ከተቀያየረ ችግሩ የክፍሉ ነው። በሁለቱም ቦታ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ጆሮው ይታይ።

«የማስተጋባት ጊዜ» ምንድን ነው? የእኛ ክፍል ስንት ይሆናል?

ድምፁ ከቆመ በኋላ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ጉዳዩን በቁጥር ያስቀመጡት የሃርቫርዱ ዋላስ ሳቢን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ማንም የማይደማመጥበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክሉ ታዝዘው፣ ከቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጡ በመደርደር ነበር ቀመሩን ያገኙት፦

የማስተጋባት ጊዜ = 0.161 × የክፍሉ ይዘት ÷ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅም

የመምጠጥ አቅም ማለት የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በመምጠጫ ቁጥሩ ሲባዛ ነው። ክፍት መስኮት 1 ነው፤ የወጣ ድምፅ አይመለስም። ልስን ግድግዳና ሲሚንቶ 0.02 ወይም 0.03 ናቸው፤ ማለትም ከመጣባቸው ድምፅ 97 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳሉ።

8 በ7 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ ጠፍጣፋ የተለሰነ ኮርኒስ ያለው ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ 1.1፣ ግድግዳው 2.7፣ ኮርኒሱ 1.7፣ ዴስክና ሌላው ዕቃ 2 ገደማ፤ ድምሩ 7.5 ነው። 0.161 በ168 ሲባዛ 27 ነው፤ 27 ለ7.5 ሲካፈል 3.6 ሴኮንድ ይመጣል። ባዶ ክፍል ውስጥ ሲናገሩ ድምፅዎ የሚከተልዎት ለዚህ ነው።

50 ልጆች ሲገቡ እያንዳንዳቸው ከነልብሳቸው 0.35 ያህል ይመጥጣሉ፤ 17.5 ይጨመራል፤ ድምሩ 25፣ ጊዜው 1.1 ሴኮንድ ይሆናል። የተሻለ ነው፤ ልጆቹ ግን ጫጫታቸውንም ይዘው ነው የገቡት። 0.6 ለመድረስ 45 ያስፈልጋል። የጎደለን 20 ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን 20 የማግኘት ጉዳይ ነው።

ምን ነገር ድምፅ ይመጥጣል? ምንስ አይመጥም?

በቅድሚያ የማይሠሩትን። የእንቁላል ትሪ ቀጭን ካርቶን ነው፤ ንግግር የሚገኝበትን ክልል በሚገባ አይመጥም፣ አቧራና ተባይ ያከማቻል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ምንም አያደርግም። ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ የተዘረጋ ስስ መጋረጃም እንደዚያው። የፍራሽ ስፖንጅ ድምፅ ይመጥጣል፤ ክፍል ውስጥ ግን ፈጽሞ አይለጠፍ፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ከእሳቱ በፊት ይገድላል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

የሚሠራው ነገር አየር የሚያሳልፍ፣ ጭረት ያለውና ወፈር ያለ ነው፦ 5 ሴንቲ ሜትር ፋይበርግላስ ወይም የድንጋይ ሱፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆና በእጥፉ ሸብሸብ ብሎ ሲሰቀል፣ ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ከኋላው ክፍተት ኖሮት።

ጥሩ የድምፅ መምጠጫ ሰሌዳ እንዲህ ይሠራል። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጣውላ ፍሬም፤ ውስጡ ፋይበርግላስ፤ ፊቱ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ የተሸፈነ። ጨርቁን በአፍዎ ጠግተው ሲነፉ ትንፋሹ ካለፈ ይሠራል፤ ካላለፈ አይሠራም። በቀለም አይቀባም፤ ቀለም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ፋይበርግላስ ሲቆረጥ ጓንትና ጭምብል ይደረግ፤ ጀርባው ይዘጋ፣ ጭረቱ ልጆች እጅ እንዳይገባ።

ስንት ይበቃል? የእነዚህ ሰሌዳዎች የመምጠጫ ቁጥር 0.8 ገደማ ነው። 10 ሰሌዳ 5.8 ይጨምራል፤ 1.1 ሴኮንዱ 0.9 ይሆናል። ለውጡ ይሰማል፤ የሚፈለገው ላይ ግን አይደርስም። ስለዚህ አቅም ካለ ገንዘቡ ኮርኒስ ላይ ይዋል። ኮርኒሱ 56 ሜትር ካሬ ነው፤ ግማሹ 0.8 በሆነ ነገር ቢሸፈን 22 ያህል እናገኛለን፤ ሒሳቡም ወደ 0.6 ይገባል። ሽፋኑ በኋላ በኩልና በጎንና ጎን ይሁን፤ ከመምህሩ ራስ በላይ ያለው የኮርኒሱ ፊተኛ ወገን ሳይሸፈን ይቆይ፤ ድምፁን ወደ ኋላ የሚወረውረው እሱ ነው።

ፋብሪካ የሠራው የድምፅ ኮርኒስ ከሌለ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በ1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተደርድሮ በላዩ ጨርቅና ፋይበርግላስ ይነጠፋል። የተሰነጠቀ ቀርከሃም ክፍተት እስካለው ያገለግላል። ተራ ቺፑድ ብቻውን ለማስተጋባት ብዙ አይረዳም፤ ጥቅሙ በሚቀጥለው ጥያቄ ይመጣል።

ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ምን ማድረግ ይቻላል?

ከባድ ዝናብ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የመምህሩን ከፍተኛ ጩኸት ይበልጣል። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ ጠብታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰፊ ስለሆነም ንቅናቄውን ሁሉ ወደ ክፍሉ ያወርዳል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በሚበረታባቸው አካባቢዎች ጉዳቱ የሚያርፈው በከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ከፈተና ጋር ይገጥማል።

የመጀመሪያው ሥራ ርካሽ ነው። የላሉ ቆርቆሮዎችን ከጎማ ዋሸር ጋር በሚስማር ማጥበቅ፤ የሚንኳኳ ቆርቆሮ በነፋስም በዝናብም ይጮሃል። ሁለተኛው ኮርኒስ ነው። ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ኖሮት፣ ዙሪያው ሳይቀር ተዘግቶ፣ በላዩ ፋይበርግላስ ተነጥፎ ሲሠራ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቺፑድ እዚህ ይጠቅማል፤ ክብደት አለውና። ስህተት የሚሠራው ዳሩ ላይ ነው፦ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር ሳይገጥም 2 ጣት ክፍተት ከቀረ ጩኸቱ በዚያ ይገባል። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ኮርኒስ ከመግባቱ በፊት ይጠገን፤ የረጠበ ፋይበርግላስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አዲስ ሕንፃ ከሆነ ሁለት ቆርቆሮ በመካከላቸው ሱፍ ያለበት ጣሪያ ይታሰብ፤ ሙቀትንም ይከላከላል።

ኮርኒስ እስኪገባ «የዝናብ ሥራ» ይዘጋጅ። እያንዳንዱ መምህር ለ40 ደቂቃ የሚሆን ያለ ማብራሪያ የሚሠራ የጽሑፍ መልመጃ በወረቀት ወይም በሰሌዳ ዝግጁ ያድርግ። በዝናብ ላይ እየጮኹ አዲስ ትምህርት መጀመር ጉሮሮ መጉዳት ብቻ ነው፤ ተማሪውም «ገባኝ» የሚለው ለይሉኝታ ነው።

የጎን ክፍል መምህር የሚናገረው ሁሉ እኛ ጋ ይሰማል። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ሳለ ለምን?

ወደ ላይ ይመልከቱ። ኮርኒስ በሌላቸው ብዙ ሕንፃዎች ሁለቱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ውጭኛው ግድግዳ ከፍታ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ሦስት ማዕዘን ባዶ ነው። ድምፅ በዚያ ይሻገራል። ግድግዳውን ማወፈር እዚህ ከንቱ ድካም ነው።

ሒሳቡ ጨካኝ ነው። የተለሰነ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ድምፅን በ45 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከስፋቱ 1 በመቶ ብቻ ክፍት ቢሆን ከ20 በላይ መቀነስ አይችልም። 7 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ 1 በመቶ ማለት ከላይ የቀረ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነው። ስለዚህ ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ይድረስ፤ የቆርቆሮው ሞገድ የሚተወው ቀዳዳም በጭቃ ወይም በሞርታር ይደፈን። ጭቃ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ከባድና ርካሽ ነው። ምስጥ በበላው የእንጨት ግድግዳ ላይ ግን ተጨማሪ ክብደት ከመጫኑ በፊት ባለሙያ ይየው።

ያልተለሰነ ብሎኬትም ያፈስሳል፤ በቀዳዳዎቹና ባልሞላ መጋጠሚያው ድምፅ ያልፋል። አንዱን ጎን በደንብ መለሰን ብቻውን ብዙ ይለውጣል። በሩን አይርሱ፤ ከሥሩ 3 ጣት ክፍት የሆነ የላሜራ በር ኮሪደሩን ክፍል ውስጥ ያስገባል። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ከሥሩ ይቸንከር።

ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ ፕሮግራም ማስተካከል ነው። አንደኛ ክፍል ፊደል በጋራ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ከጎኑ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና ላይ ከሆነ ጥፋቱ የማንም ልጅ አይደለም። ጮክ ብሎ የሚነበብበት ክፍለ ጊዜ በብሎኩ ውስጥ በአንድ ሰዓት ይግጠም።

ጩኸቱ ከመንገድ ነው። ዛፍ ብንተክል?

ዛፍ ለጥላ፣ ለአቧራና ለዓይን ይተከል። አንድ ሁለት ረድፍ ዛፍ ለድምፅ የሚያደርገው ከቁጥር አይገባም፤ ጥቅም እንዲኖረው በአሥሮች ሜትር የሚለካ ጥቅጥቅ ያለ ደን መሆን አለበት። የሚሠራው ድፍን አጥር ነው። ከመስኮቱ ሆኖ መንገዱ የማይታይ እስኪሆን ድረስ ከፍ ያለና ክፍተት የሌለው የብሎኬት አጥር 5 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያተርፋል። አጥሩ ለመንገዱ ወይም ለክፍሉ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፤ በመሐል ሲሆን ይደክማል። ለፎቅ ክፍሎች አይረዳም። የሽቦ አጥርና የቆርቆሮ በር ክፍተት ትርፉን ይበሉታል።

ከሁሉ የሚሻለው የክፍል አጠቃቀምን መለወጥ ነው፦ መጋዘን፣ ቢሮና መጸዳጃ በመንገዱ በኩል፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በጓሮ በኩል። የመንገዱን መስኮት ዘግቶ የጓሮውን መክፈትም ይቻላል፤ አየር ግን ይበቃ እንደሆነ ይታይ፤ 60 ልጅ በታፈነ ክፍል ውስጥ ጸጥ የሚለው እንቅልፍ ይዞት ነው።

ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የሙዚቃ ቤት ከሆነ በቅድሚያ ባለቤቱን በስልክ ከተለካው ቁጥር ጋር ያነጋግሩ፤ ጄነሬተሩን ማዞር ወይም ሰዓት መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣና እንዲከበር ይደነግጋል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው የቀን ወሰን 55 ዴሲቤል ነው። አቤቱታው ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ቀን፣ ሰዓትና ልኬት ይኑረው።

ማይክራፎን ብንገዛስ?

የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ማጉያ ማስተጋባቱንም አብሮ ያጎላል፤ ጮክ ያለ ድብስብስ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ይህ ችግር ነበረበት፦ አንድ ድምፅ ማጉያ ከፊት፣ ባዶ ግድግዳ በዙሪያው፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ።

ማስተጋባቱ ከተስተካከለ በኋላ ወይም ድምፁ ለደከመ መምህር ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ማጉያ ጥሩ ነው። ማይኩ ከአፍ ጥግ 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ያንኳኳዋል። ድምፁ በተለመደው ንግግር ላይ 10 ዴሲቤል እስኪጨምር ብቻ ይከፈት። የሚያፏጭ ከሆነ ማጉያው ወደ ማይኩ ዞሯል ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲጮሁስ?

ሰው በጫጫታ ውስጥ ሳያስበው ድምፁን ያነሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። አንዱ ቡድን ለመደማመጥ ከፍ ሲያደርግ ጎረቤቱም ከፍ ያደርጋል፤ መምህሩ «ዝም በሉ!» ብሎ ሲጮህ ደግሞ ጣሪያውን ከፍ አደረገላቸው። ስለዚህ ምልክቱ ንግግር አልባ ይሁን፤ እጅ ማንሳት ወይም በጭብጨባ የሚመለስ አጭር ምት። ምልክቱ ተሰጥቶ ጸጥ እስኪሉ ይጠበቅ፤ ጫጫታው ላይ መናገር መጀመር ምልክቱን ያረክሰዋል። በቡድን ሥራ ጊዜ ዴስኮች እስከተቻለ ይራራቁ፤ በየቡድኑ አንድ ተናጋሪ ይሁን።

የዴስክና የወንበር እግር በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያሰማውን ጩኸት ለማጥፋት ከካላማዳሪ 4 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ እግሩን ማልበስና በሽቦ ማሰር ይበቃል። ከሁሉም ሥራ ይህ በወጪ ዝቅተኛው ነው፤ ለምን እንደማይሠራ ግን ግራ ይገባል።

ድምፄ ይዘጋል። ከማስተማር ነው?

አይቀርም። በአሜሪካ አዮዋና ዩታ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በወቅቱ የድምፅ ችግር የነበረባቸው መምህራን 11 በመቶ፣ መምህር ያልሆኑት 6.2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ፊትን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ከመናገር ይታቀቡ፤ ጽፈው፣ ዞረው፣ ከዚያ ይናገሩ። ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ የጠመኔ ብናኝ ጉሮሮ ያደርቃል። ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ ጉሮሮ አይጥረጉ፤ ድምፅ ሲዘጋም በሹክሹክታ አይናገሩ፣ ማረፍ ይሻላል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያልለቀቀ ጎርናናነት በአንገት በላይ ሐኪም ይታይ፤ ማርና ዝንጅብል አይበቃውም።

በይበልጥ የሚጎዱት የትኞቹ ልጆች ናቸው?

ጆሯቸው የሚመግል ወይም ፈሳሽ የሚወጣው፣ በጉንፋን ጆሯቸው የደፈነ፣ ትኩረታቸው ቶሎ የሚበተን እና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማይማሩ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው በጸጥታ ውስጥ ደህና ሊከታተል ይችላል፤ በጫጫታ ግን ከባለ ቋንቋው ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ከስድስተኛ ክፍል የአማርኛ ተማሪ የተሻለ ክፍል ያስፈልገዋል። አሠራራችን ከዚህ ጋር ይጣረሳል።

አንድ ጆሮው ደካማ የሆነ ልጅ ፊት ይቀመጥ፤ ደህናው ጆሮ ወደ መምህሩ፣ ደካማው ወደ ግድግዳው። አዲስ ቃል ሁልጊዜ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ይህ ለሁሉም ይጠቅማል።

አዲስ ብሎክ ልንሠራ ነው። ውሉ ላይ ምን ይግባ?

የመለያ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮ እንዲደርስና በሁለቱም ጎን እንዲለሰን፤ ኮርኒስ ከነፋይበርግላሱ፤ የፊት ለፊት በሮች እርስ በርስ እንዳይተያዩ፤ ረጅም ክፍል ከሆነ ሰሌዳው በረጅሙ ግድግዳ ላይ እንዲሆን፤ መጸዳጃና የውኃ ታንከር ከክፍል ጋር ግድግዳ እንዳይጋራ። ከፍታ ያለ ምክንያት አይጨመር፤ ከ3 ወደ 4 ሜትር ሲሄድ ይዘቱ በሦስተኛ ይጨምራል፤ የማስተጋባት ጊዜውም አብሮ ይረዝማል።

በርክክብ ቀን፣ የመጨረሻው ክፍያ ሳይለቀቅ፣ በአንዱ ክፍል ራዲዮ ዜና እያነበበ በንግግር ድምፅ ይከፈት፤ በሮች ይዘጉ፤ ተረካቢው በጎን ክፍል ይቁም። ዜናው ቃል በቃል የሚሰማ ከሆነ ግድግዳው አላለቀም፤ ኮንትራክተሩ መሰላሉን ይዞ ወደ ላይ ይመለስ።